የዛኪ የእጅ ጽሑፍ

ሄምዳ መነጽር የመግዛት ሐሳብ አልነበራትም። የሥዕል መምህሯ ናቸው፣ «ልጄ፣ የምትስዪው የሌለ ነገር ነው፤ ሂጂና ዓይንሽን ታዪ» ብለው ከክፍል ያስወጧት። እሷ እንደሆነ ከሩቅ ያለው ሁሉ ጠርዙ ጠፍቶ፣ አንዱ ካንዱ ተቀላቅሎ ሲታያት ደስ ይላት ነበር። ኢየሩሳሌምን አጥርቶ ያየ ሰው ድንጋይ እንጂ ሌላ አያይም ትል ነበር። ሃያውን ገና ያለፈች ልጅ ስለነበረች እንዲህ ያለ ነገር መናገር ይቀናታል።

ያፎ መንገድ ላይ ካሉት መነጽር ቤቶች ወደ አንደኛው፣ በጣም ጠባብ ወደ ሆነው ገባች። ከጠረጴዛው ኋላ ኪፓ የሚባለውን ትንሽ የአይሁድ ቆብ ያደረገ ረዥም ወጣት መስታወት ይወለውላል።

«ሦስተኛውን መስመር አንብቢልኝ» አላት ወንበር ላይ ካስቀመጣት በኋላ።

«የቱን መስመር?»

«ግድግዳው ላይ ያለውን።»

«የቱ ግድግዳ?»

ወጣቱ ጨርቁን አስቀመጠና ዞሮ አያት። «እዚህ ድረስ ማን እየመራሽ መጣሽ?»

«በራሴ ነው የመጣሁት። ሠዓሊ ነኝ።»

«ሠዓሊ» አለ፤ ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ጆሮው ቀላ። «ምንድነው የምትስዪው?»

«ያየሁትን።»

«እግዚአብሔር ይርዳሽ።»

ከባዱን የመሞከሪያ መነጽር አፍንጫዋ ላይ አኖረና መስታወቶቹን አንድ በአንድ ይቀያይር ጀመር። «አሁንስ? አሁንስ?» ይላታል። በመጨረሻ የገባው መስታወት ዓለምን ባንድ ጊዜ ወደ ቦታው መለሰው። ፊት ለፊቷ ያለው የወጣቱ ፊት ስለነበር መጀመሪያ አጥርታ ያየችው እሱን ነው። ተጠግታ አየችው።

«ምነው? ያን ያህል አስቀያሚ ነኝ?»

«አገጭህ ላይ ጠባሳ አለ።»

«በይ ተመልከቺ፤ ገና ዓይኗን ሳበራላት ነቀፌታ ጀመረች» አለ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ማንም ዓይኑን ከሌላው ላይ አላነሳም። መነጽሩን ለመውሰድ ስትመለስ ያልጠበበውን ጠበበ፣ ያልላላውን ላላ እያለች ሦስቴ ተመላለሰች። በሦስተኛው ወጣቱ፣ «መነጽሩ ምንም አልሆነም» አላት። «አውቃለሁ» አለችው። ስሙ ኤልቃና ነበር።

ሄምዳ የቤትሻን ሸለቆ ልጅ ናት፤ አባቷ ኪቡትስ በሚባለው የጋራ እርሻ መንደራቸው የዓሣ ኩሬ ይጠብቃሉ። እዚያ በዓል ሲመጣ ይዘፈናል እንጂ አይጸለይም፤ ምኩራብ የሚባል ነገር በአጥሩ ውስጥ አልነበረም። ኤልቃና ደግሞ አያቶቹ ከሶርያዋ ሐለብ የመጡ፣ ከገበያው ጀርባ በናሕላኦት ሰፈር ጠባብ ግቢ ውስጥ ያደገ፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ከእናቱ ጋር ብቻውን የሚኖር አንድ ለእናቱ ነው። እናቱ ሱልታና ይባላሉ።

ሱልታና ነገሩን እንደሰሙ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነበር። «ልጅቷ ሰንበት ታከብራለች?»

«ቀስ በቀስ፣ እማዬ።»

«ቀስ በቀስ የሚመጣ አውቶቡስ ነው» አሉ ሱልታና።

ኤልቃና ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያመጣት ቀን ሱልታና ሾርባውን አቅርበው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራርገው፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«እስላለሁ፣ እማማ ሱልታና።»

«እሱንማ ሰማሁ። ምን ትሠሪያለሽ ነው ያልኩሽ።»

ኤልቃና ሾርባው ትን አለው። ሄምዳ ግን አልተቀየመችም፤ እንዲያውም ሴትዮዋን የወደደቻቸው በዚያች ደቂቃ ነው። ክረምቱን ሙሉ ዓርብ ዓርብ እየመጣች አትክልት ፈልፍሎ በሩዝ መሙላት ተማረች፣ ሰንበት ከገባ በኋላ መብራት እንደማይነካ ተማረች፣ እየረሳች አንድ ሁለት ጊዜ ነካች፣ ተቆጧት። ፈቃዳቸውን ግን አልሰጡም። ኤልቃና ያለ እናቱ ፈቃድ አያገባም፤ ይህን ከመጀመሪያው ነግሯታል። «አባቴን ቀብራ እኔን ብቻ ነው የያዘችው። እሷ እያለቀሰች ሠርግ አልቆምም» ብሏት ነበር። ስለዚህ የሄምዳ ነገር ሁሉ በእኚህ አጭር፣ ምላሳቸው ስለታም በሆነ ሴት እጅ ላይ ወደቀ።

በክረምቱ ማብቂያ ሱልታና ግቢው ውስጥ እርጥብ ድንጋይ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ እስኪያገግሙ ሃይፋ እህታቸው ዘንድ ተወሰዱ። የቂጣው በዓል፣ የአይሁድ ፋሲካ፣ እየቀረበ ነበር። በናሕላኦት በዚያ ሰሞን ዕቃው ሁሉ ግቢ ይወጣል፣ ምንጣፍ ይደበደባል፣ በበዓሉ እርሾ የነካው ቤት ውስጥ ስለማይገኝ ዳቦ ከየኪሱና ከየጥጋጥጉ ይለቀማል፣ ግድግዳ ኖራ ይቀባል። ኤልቃና ደግሞ በዚያው መሐል ለተጠባባቂ ጦር ተጠራ።

«ስመለስ አብረን እንቀባዋለን» አላትና ቁልፉን ሰጣት። «እስከዚያ አንቺ ሥዕልሽን ሳዪ፤ የእኛ ቤት ብርሃን ጥሩ ነው ስትዪ አልነበር?»

እሷ ግን ሌላ ነገር አሰበች። ሱልታና ከሃይፋ ሲመለሱ ቤቱን ነጭ አድርጋ ልትጠብቃቸው፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ምን ትሠሪያለሽ» ለሚለው ጥያቄ በእጇ መልስ ልትሰጥ ፈለገች። ኖራ በጠበጠች። ፀጉሯን በጨርቅ አሥራ፣ የኤልቃናን አሮጌ ሸሚዝ ለብሳ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቀባች። እየሠራች ትዘፍን ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት ያውቃል ለማለት እኔ እቸገራለሁ።

ከመግቢያው በር ትይዩ ያለው ግድግዳ ላይ ያልተለሰነ ቦታ ነበር፤ ቁመቱም ስፋቱም አንድ ክንድ የሚሆን፣ ድንጋዩ የተራቆተ። ሥሩ ክረምት ክረምት የላምባ ማሞቂያ ስለሚቀመጥ በጥላሸት ጠቁሯል። ጠጋ ብላ ስታየው የተጫጫረ ነገር አለበት፤ የልስን ሠራተኞች ሥራ ሲለኩ እንደሚጭሩት ያለ መሰላት። አዘነችላቸው። ባል ሲሞት ቤት እንዲህ ሳይጨረስ ይቀራል ብላ አሰበች። ኖራና አሸዋ አቡክታ ለሰነችው፣ አስተካከለችው፣ ሲደርቅ ደግማ ነጭ ቀባችው። ከዚያ በሩ ላይ ቆማ አየችውና ደስ አላት።

ኤልቃና ከጦሩ የተመለሰው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ አቧራ እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ። ቦርሳው ከትከሻው ወረደ።

«እንዴት ነው?» አለች ሄምዳ፤ ኖራ የነካውን እጇን ከኋላዋ ደብቃ።

እሱ ቀስ ብሎ ሄዶ እጁን ነጩ ግድግዳ ላይ አኖረ።

«ሄምዳ፣ እዚህ ጋ የነበረውስ?»

«ለሰንኩት። ምን ሆነ?»

መሬት ላይ ተቀመጠና ነገራት። ቤት የሚሠራ ሰው ከበሩ ትይዩ አንድ ክንድ ያህል ሳይለስን እንደሚተው፣ የኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ ፈርሶ ሳለ የማንም ቤት ሙሉ እንዳይሆን። አባቱ ዛኪ ሙሽራቸውን ይዘው ወደዚህ ቤት ሲገቡ በገዛ መዶሻቸው ልስኑን ፈልፍለው፣ በከሰል «ለመቅደሱ ጥፋት መታሰቢያ» ብለው እንደጻፉበት። ዛኪ ጽሑፍ የሚወዱ ሰው አልነበሩም፤ አዝራር ሻጭ ነበሩ፤ በዚህ ምድር ላይ ሌላ የጻፉት ቃል የለም። እናቱ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ሲገቡ ሲወጡ ጽሑፉን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን ይስማሉ።

«እኔ እኮ አላየሁም ሲስሙ» አለች ሄምዳ።

«እንግዳ ፊት አታደርገውም።»

እንግዳ የሚለው ቃል የት እንደወጋት እሱ አላወቀም። ወይም አውቋል።

ቢላዋ አመጡና ሁለቱም መፋቅ ጀመሩ። እሱ በላይ እሷ በታች፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ቁስል እንደሚያጥብ ሰው እየተጠነቀቁ። ልስኑ ቁራጭ በቁራጭ ተላቀቀ። ከሥሩ የወጣው ግን ግራጫ፣ ንጹሕ ድንጋይ ነበር። ኖራው ከሰሉን ጠጥቶታል። ኤልቃና የወደቁትን ስብርባሪዎች እያገላበጠ በጀርባቸው አንድ ፊደል እንኳ ቢያገኝ ፈለገ። አንዳንዱ ላይ ጥቁር ነገር ነበር፤ ፊደል ግን አልነበረም። አላለቀሰም። ባለቅስ አይወቅሰኝም ብላ እሷ አለቀሰች።

ያን ዕለት ብዙ ሳይነጋገሩ ተለያዩ። በማግስቱ ግን ኤልቃና ፎቶግራፍ ይዞ ወደ ክፍሏ መጣ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ የጎልማሳነት ወግ ሲደረግለት የተነሣው ነው፤ አባቱ ከኋላው ቆመው እጃቸውን ትከሻው ላይ ጥለዋል፣ ከአባቱ ክርን አጠገብ ጽሑፉ ይታያል።

«አንቺ ሠዓሊ ነሽ» አላት።

«ምን እያልክ ነው?»

«የምለውን ታውቂያለሽ።»

«የአባትህን እጅ አስመስዬ ልጽፍ? ለእናትህ?»

«እማዬ ከነገ ወዲያ ትመጣለች። በዳሌዋ ላይ ይህን ልጨምርላት?» ፎቶግራፉን እጇ ላይ አኖረው። «አንቺንስ? ይህን አይታ አንቺን በዚያ ቤት የምታስገባሽ ይመስልሻል? እኔ ሁለታችሁንም ማጣት አልችልም፣ ሄምዳ። እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው። በእኛው ይቅር።»

ስለወደደችው እሺ አለች። ከልብ ስለወደደችው ነው፤ ሌላ ምክንያት በኋላ ቢመጣም ያኔ የነበረው ይህ ነው።

የወይራ ጭራሮ አቃጥላ ከሰል አወጣች። የዛኪን ፊደላት ወረቀት ላይ እየደጋገመች ጻፈች፤ መጀመሪያ እንደ ሥዕል፣ በኋላ እንደ ጽሑፍ፣ በመጨረሻ ክንዷ ራሱ የከበደ አዝራር ሻጭ ክንድ እስኪሆን። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ጻፈችና ለማደብዘዝ ተዘጋጀች።

«ዳቦ አምጣልኝ» አለችው። «ከሰል የሚነሣልኝ በዳቦ ፍርፋሪ ነው።»

«ዳቦ? ቤቱ ጸድቷል እኮ። እማዬ በበዓሉ ዋዜማ ፍርፋሪ ካገኘች ከጽሑፉ ይልቅ በእሱ ትገድለናለች።»

ስለዚህ ድንች ቀቀለላት። እሷ በድንች እያደበዘዘች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ የተረፈውን በጨው እየበላ፣ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። የማሞቂያውን ጥላሸት በጣቷ ቀባችበት፣ እፍ አለችበት። ስትጨርስ ኤልቃና ወደ በሩ ሄዶ ዞረ። ለረዥም ጊዜ አየው። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«እሱ ነው» አለ።

ሄምዳም አየችው። እስከዚያ ቀን ከሠራችው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ መሆኑን ያወቀችው ወዲያው ነው።

ሱልታና በምርኩዝ ተደግፈው ገቡ። እንደ ሃይማኖታቸው ልማድ የበሩን መቃን ነክተው ጣታቸውን ሳሙ፤ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ሰው መኖሩን ረስተው ይሁን ወይም ችላ ብለው፣ ቀጥ ብለው ወደ ጽሑፉ ሄዱና ዳሰሱት። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «መጣሁ፣ ዛኪ» አሉ።

በበዓሉ ማዕድ ላይ፣ ቂጣው ተቆርሶ ወይኑ ከተጠጣ በኋላ፣ ሱልታና የሄምዳን እጅ ያዙ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ሃይፋ ሆኜ እህቴ ከጎረቤቶቼ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ ልጅቷ ቤቱን እየቀባች ነው አሉ። እንቅልፍ አጣሁ። የኪቡትስ ልጅ ናት፣ አታውቅም፣ የዛኪን ጽሑፍ ትለስንብኛለች ብዬ። ልደውል ብል አፈርኩ።» እጇን ጨመቅ አደረጉት። «ስገባ አየሁ። ሁሉን ነጭ አድርገሽ እሱን አልነካሽውም። ማንም ሳይነግርሽ ልብሽ ነገረሽ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? አግቢው፤ ልጄ ነሽ።»

ኤልቃና አቀርቅሮ የጠረጴዛውን ጨርቅ ያይ ነበር። ሄምዳ ፈገግ አለች፤ ፊቷ ለሁለት የተከፈለ መሰላት። ለወራት ስትመኘው የነበረው ቃል መጣላት፤ የመጣላት ግን ባላደረገችው ነገር ነው።

ሠርጉ ለበጋው መጀመሪያ ተቆረጠ። ሱልታና ለዘመድ ሁሉ እየደወሉ የምራታቸውን ነገር ያወራሉ፤ ታሪኩም በየጊዜው ያድጋል፤ በመጨረሻው ላይ ሄምዳ ጽሑፉ ፊት ቆማ አለቀሰች የሚል ተጨምሮበት ነበር። ሄምዳ በየዓርቡ ትመጣለች፤ ሱልታና አሁን እንግዳ ስላልሆነች በፊቷ ጽሑፉን ይዳስሳሉ፤ ጣታቸውን ይስማሉ። እሷ ዓይኗን ወደ ድስቱ ታዞራለች። መነጽሯን ማውለቅ ጀመረች።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ቆሳ የሚሉትን ትንንሽ ዱባ ሲፈለፍሉ ሱልታና እንዲህ አሉ፦ «እኔ ስሞት ይህን ቤት እንዳትሸጡት። ልጆቻችሁን እዚያ ግድግዳ ፊት ታቆሚያቸዋለሽ። ይህ የአያታችሁ እጅ ነው፣ ብለሽ ታሳዪያቸዋለሽ። አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው፤ ኤልቃና ያለቅሳል።»

ቢላዋው ከሄምዳ እጅ ወደቀ።

«እማማ ሱልታና» አለች። «የእሳቸው እጅ አይደለም።»

የኤልቃናን ስም ሳታነሣ ሁሉንም ተናገረች። ልስኑን፣ መፋቁን፣ ፎቶግራፉን፣ ከሰሉን። ስታቆም ግቢው ውስጥ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማ ነበር።

ሱልታና የያዙትን ቆሳ ፈልፍለው ጨረሱ። አስቀመጡት። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፤ ጣት በጣት ጠረጉ።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«እውነቱን ሳያውቁ…»

«እኔ ጠየቅሁሽ?» ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «አንድ ጊዜ ሳታውቂ ወሰድሽብኝ፤ ይሁን። መልሰሽ ሰጠሽኝ። አሁን ደግሞ እያወቅሽ ወሰድሽብኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄም ያውቅ ነበር?»

ሄምዳ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ቢላዋ አነሣች። ሱልታና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተነሥተውም ወጡን ማማሰል ጀመሩ፤ ሰንበት ሊገባ ነውና።

ኤልቃና ከሥራ ሲመጣ እናቱ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ልጅቷን ሸኛት» አሉት። አንድ ጊዜ አያቸው፤ አንድ ጊዜ ሄምዳን አያት፤ ገባው።

ከግቢው ወጥተው ጠባቡን መንገድ ሲወርዱ ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዱ ነበር። ከየቤቱ የወጥ ሽታ ይመጣል። መንገዱ መጨረሻ ሲደርሱ ጠየቃት።

«ለምን?»

«ለልጆቻችሁ የአያታችሁ እጅ ነው በዪያቸው አሉኝ። አልቻልኩም፣ ኤልቃና።»

«ሁለታችን ነበርን የዋሸነው። አንቺ ብቻሽን ተናዘዝሽ።»

«ራሴን ብቻ ነው የወቀስኩት…»

«እናቴ ባልዋን ማጣቷ ሳያንስ አሁን ልጇንም አታምንም። ከማን ጋር ትኑር? ከግድግዳው ጋር?»

«በየቀኑ የኔን ከሰል ሲስሙ እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?»

ቆመ። «የኔን ከሰል» አለ ቃሏን እየደገመ። ከዚያ ዓይኗን እያየ ተናገረ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕመሙ ነው የተናገረው። «የማስበውን ልንገርሽ? እውነት ስለከበደሽ አይደለም የነገርሻት። እንደዚያ አድርገሽ ሠርተሽው ማንም የእጅሽ ሥራ መሆኑን ሳያውቅልሽ መቅረቱ ነው የከበደሽ።»

አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ሱልታና ከሃይፋ የመጡ ዕለት ጽሑፉን ሲስሙ በልቧ ምን እንደተሰማት ትዝ አላት፤ ሐዘን አልነበረም፣ እፍረትም አልነበረም፤ ደስታ ነበር። ያቺ ትዝታ አንድ ትንፋሽ ያህል አስቆመቻት። ኤልቃና መዘግየቷን አየ። የሰው ዓይን መለካት ሥራው ነበር።

የሰንበት መግቢያው ጥሩምባ ሲነፋ እሱ ወደ እናቱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መነጽር ቤቱ ሄዳለች። በመጀመሪያው ጊዜ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቆ፣ «እባክሽ፣ አትምጪብኝ፤ ሳይሽ እሰበራለሁ» አላት። በሁለተኛው ሌላ ሰው ነበር የሚሸጠው።

ሄምዳ ትምህርቷን እንደጨረሰች ወደ ያፎ ከተማ ወረደች፤ ከባሕሩ አጠገብ የቀድሞ ዓሣ መጋዘን ተከራይታ መሥራት ጀመረች። ከዚያ ወዲህ የሳለችው ግድግዳ ብቻ ነው። የተላላጠ ግድግዳ፣ ውሃ የገባበት፣ ሚስማር የተነቀለበት፣ አልጋ ተደግፎት የኖረ ግድግዳ። ሰው ምኑን ይወደዋል የተባለው ሥራ ተወደደ። በቴል አቪቭ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅላት ተመልካቾች እውነት መስሏቸው በጣታቸው እየዳሰሱ ስላስቸገሩ ዘበኛ ቆመ። ዘበኛው ሰው ሲቆጣ በሰማች ቁጥር ከአዳራሹ ትወጣ ነበር።

ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሥዕሏ ላይ ስሟን መጻፍ ተወች። ለማንም ምክንያቱን አልተናገረችም። ኤልቃና ምናልባት አንድ ቀን ቢያይ፣ ተሳስቼ ነበር እንዲል ነው፤ ስሟን እንደማትፈልግ፣ ያኔም እንዳልፈለገች እንዲያውቅ። ጋዜጦቹ ግን ይህን ወደዱት። «ስሟን የማትጽፈው ሠዓሊ» ተባለች፤ በፈረሙት መካከል ያልፈረመችው እሷ ብቻ ስለሆነች ሥራዋን ከሩቅ ይለዩት ጀመር። ለመደበቅ ያደረገችው ነገር ስም ሆነላት። አንድ ጋዜጠኛ፣ «ውሸት የማያውቅ እጅ» ብሎ ሲጽፍላት ጋዜጣውን አጥፋ መስኮት አበሰችበት።

ወንድ አልጠፋም። ከአንድ ደግ አርክቴክት ጋር ጥቂት ዓመት ኖራለች። «አንቺ ዘንድ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ተቀምጦ የሚጠብቅ ይመስለኛል» ብሏት ሄደ። አልከለከለችውም። በፀጥታ ስትሠራ ያ ጥያቄ ይመጣል፦ ያን ዓርብ የተናገርኩት ለእሳቸው ነበር ወይስ ለራሴ? አንዳንድ ቀን ለእሳቸው ነው ትላለች። በበዙት ቀናት አታውቅም። ሰው ራሱን ባለማወቅ ሊያረጅ ይችላል፤ እሷ እንዲያ አረጀች፤ ፀጉሯ ሸበተ፣ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሽልማቶች መጡ፣ ማንም ቤት ሳይጠብቃት ተቀበለቻቸው።

ባለፈው መከር ለሥራ ኢየሩሳሌም ወጥታ በገበያው ስታልፍ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት የሐዘን ማስታወቂያዎች አንዱ ላይ የሱልታናን ስም አነበበች። ልቅሶው የተቀመጠው በዚያው ቤት ነበር። እግሯ ሳይጠይቃት ወሰዳት።

በሩ ክፍት ነበር። የሐዘን ቤት በር አይንኳኳም፣ የገባም ሰው ሰላም አይልም። ኤልቃና ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ እንደ ሐዘናቸው ወግ አንገቱ ላይ ተቀዷል፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ትይዩው ግድግዳ ላይ ያ ድንጋይ እንደተራቆተ አለ፤ ታጥቦ ነጽቷል፤ ማንም ምንም አልጻፈበትም።

ፊት ለፊቱ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠች። ሐዘንተኛው ቀድሞ እስኪናገር ድረስ የመጣ ሰው አይናገርም፤ ይህን እሱ ራሱ ነበር ያስተማራት፤ እንግዲህ አሁን ታውቃለች።

ቀና ብሎ አያት። ወዲያው ነው ያወቃት። ዓይኑ ፊቷ ላይ ቆየ፣ ነጭ ፀጉሯ ላይ ቆየ፣ መነጽሯ ላይ ቆየ። ከዚያ ወደ እጆቹ ተመለሰ።

ጠበቀች። የምትለው ብዙ ነበር። ስሜን አልጽፍም ልትለው ነበር። አይደለም ብዬ መመለስ የነበረብኝ ያን ቀን ነው፣ ወይም፣ ልክ ነበርክ፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደምትለው ራሷም አታውቅም፤ ቢያናግራት የሚወጣው እውነት ይሆናል ብላ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃት ነበር። ስሟን ቢጠራት፣ መጣሽ ቢላት።

ባለቤቱ የመሰለቻት፣ ፊቷ ደግ የሆነ ሴት የተምር ሳሕን ይዛ መጣች። «ለነፍሷ ባርከሽ አንድ ቅመሺላት» አለቻት ዝቅ ብላ። «ከየት ነው የምታውቂያት?»

«ድሮ ቤታቸውን ኖራ ቀብቼላቸው ነበር።»

«ቀለም ቀቢ ነሽ?»

«አዎ» አለች ሄምዳ።

ሴትዮዋ ተምሩን ሰጠቻትና አለፈች። ኤልቃና ሰምቷል፤ መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየችው። አሁን ይናገራል ብላ ትንፋሿን ያዘች። አልተናገረም።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት በከዘራ እየተደገፉ ገቡ፤ ገና ሳይቀመጡ ኤልቃና፣ «አይ ጋሼ ሻብታይ፣ በዚህ እግርዎ ደረጃውን ወጡት?» አላቸው። ድምፁ አልተለወጠም ነበር። ሽማግሌው ስለ ሱልታና ምላስ አንድ ቀልድ አወሩ፤ ኤልቃና ሳቀ፣ እንባውን ጠረገ፣ እሱም ሌላ ጨመረላቸው። ሄምዳ በመካከላቸው ተቀምጣ ሰማች።

ተምሩን መብላት አልቻለችም፤ በእጇ እንደያዘችው ተነሣች። የሚሄድ ሰው ለሐዘንተኛው የሚለው ቃል አለ፤ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለዘመድም፣ ለመንገደኛም።

«ከሰማይ መጽናናት ይስጣችሁ» አለች።

«አሜን» አለ ኤልቃና፤ ቀና ሳይል።

ጥቂት ቆመች። ሽማግሌው ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ እሷም መንገድ ለቀቀችላቸውና ወጣች።